እንቆቅልህ ከጠፈር፦ «አውተር ዋይልድስ»ን ከልጅ ጋር ለመጫወት የወላጅ መመሪያ

ልጄ 11 ዓመቱ ነው። አንድ ቅዳሜ ከጌሙ ፊት ተነስቶ ወጥ ቤት መጣና «እማ፣ ፀሐይዋ ፈነዳች» አለኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።

«ታዲያ አንተስ?»

«ሞትኩ። ከዛ ነቃሁ። ግን አሁን አንድ ነገር አውቄአለሁ።»

ጌም ተጫውቶ «አሸነፍኩ» ወይም «ተሸነፍኩ» ሲል እንጂ «አወቅሁ» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ሽንኩርቱን ትቼ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ይሄ ጽሑፍ ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ የተማርኩት ነው። የጌሙን ሚስጥር አላወጣባችሁም። ወላጅ ማወቅ የሚገባውን ያህል ብቻ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ፣ ይሄ ምን ዓይነት ጌም ነው?

«አውተር ዋይልድስ» የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። የሠራው ሞቢየስ ዲጂታል የሚባል የአሜሪካ ስቱዲዮ ነው። ሐሳቡ የተጀመረው ግን አሌክስ ቢቸም በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በሠራው የመመረቂያ ሥራ ነው። በ2020 ባፍታ የሚባለው የእንግሊዝ የፊልምና የጌም ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ጌም ብሎ ሸልሞታል።

ልጃችሁ የሚሆነው ባለ አራት ዓይን ፍጡር ነው። መንደሩ ጫካ ውስጥ ናት፣ መንኮራኩሩም ከእንጨት የተገጣጠመች ናት። በእሷ ተነስቶ ትንሽ ሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ይዞራል። ከብዙ ዘመን በፊት ኖማይ የሚባሉ ባለ ሦስት ዓይን ሕዝቦች እዚያ ይኖሩ ነበር። አሁን የሉም። ፍርስራሻቸውና ግድግዳ ላይ የጻፉት ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል። ምን ሆኑ? ምንስ ይፈልጉ ነበር?

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ከ22 ደቂቃ በኋላ ፀሐይ ትፈነዳለች። ሁሉም ነገር ይጠፋል። ከዚያ ልጁ መጀመሪያ የነቃበት እሳት ዳር እንደገና ይነቃል። ጠመንጃ የለም፣ ነጥብ የለም፣ የሚገዛ ልብስ የለም። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው የሚሻገረው ያወቀው ነገር ብቻ ነው። ሚስጥሩን የሚያውቅ ሰው ጌሙን በአንድ ዙር ሊጨርሰው ይችላል። የማያውቅ አዋቂ ከ15 እስከ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ልጅ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል።

እኛ ይሄን ጨዋታ በሌላ ስሙ እናውቀዋለን። «እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ!» ነው። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» ሲባል መልሱ ውሃ መሆኑን አንዴ ከሰማችሁ በኋላ እንቆቅልሹ ሞተ ማለት ነው። ሁለተኛ ልትፈቱት አትችሉም። ይሄም ጌም እንደዚያው ነው። ስለዚህ የወላጅ ዋና ሥራ መልሱን ከልጁ ማራቅ ነው። ልጁ «አገር ልስጥህ፣ ንገረኝ» ቢል እንኳ አገሩን እንዳትቀበሉ።

1. ከመግዛታችሁ በፊት

ስሙን በደንብ አንብቡ። «ዘ አውተር ወርልድስ» የሚባል ሌላ ጌም አለ፣ የወጣውም በዚያው በ2019 ነው። እሱ ተኩስ ያለበትና በአሜሪካ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ የተመደበ ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያደናግራል። የእኛው «ዋይልድስ» ነው።

ዕድሜን በተመለከተ፣ የአሜሪካው ምደባ ለ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይለዋል። እኔ ብጠየቅ ብቻውን ለሚጫወት ልጅ 12፣ ወላጅ አጠገቡ ለሚቀመጥለት ደግሞ 10 እላለሁ። ምክንያቴ ደም ወይም ስድብ አይደለም። ማንበብ ነው። ጌሙ ውስጥ የድምፅ ንግግር የለም። ሁሉም ነገር ይነበባል፣ ጽሑፉም ብዙ ነው። የቋንቋ ምርጫዎቹ ውስጥ አማርኛ የለም። ልጁ እንግሊዝኛ አንብቦ ካልገባው ጌሙ ባዶ ፕላኔት ላይ መዞር ብቻ ይሆንበታል።

ይሄ ጉዳት ብቻ አይደለም። እኛ ቤት ልጄ እያነበበ ለአያቱ በአማርኛ ይተርክላቸዋል። ጌሙ ውስጥ የኖማይን ጽሑፍ የሚተረጉም መሣሪያ አለ። ልጄ የመሣሪያውን ትርጉም ደግሞ ይተረጉማል። አያቱ ስክሪኑን ብዙም አያዩትም፣ ግን በየቀኑ «እነዚያ ሦስት ዓይኖች ዛሬ ምን ሆኑ?» ብለው ይጠይቃሉ። ውጭ አገር ልጅ እያሳደጋችሁ አማርኛው ከአፉ እየጠፋ ነው ብላችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ ይሄን ሞክሩት።

ኮምፒውተር፣ ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስ፣ ኒንቴንዶ ስዊች ላይ ይሠራል። ስልክ ላይ የለም። መደበኛ ዋጋው በአሜሪካ 25 ዶላር ገደማ ነው፣ ቅናሽም ይገኛል። አንዴ ከተገዛ ውስጡ ሌላ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለም። ከማያውቁት ሰው ጋር ማውራትም የለም። አንድ ሰው ብቻ የሚጫወተው ስለሆነ አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት ባይኖርም ልጁ አይጨነቅም። መብራት ቢጠፋም ያወቀው ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ነው።

ኮምፒውተራችሁ ይችለው እንደሆነ ከተጠራጠራችሁ ስቲም ከሚባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር ግዙና ወዲያው ሞክሩት። ከገዛችሁ 14 ቀን ካልሞላውና ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁት ገንዘባችሁን መልሱልን ማለት ትችላላችሁ።

2. ልጁ ከመቀመጡ በፊት ሴቲንጉን አስተካክሉ

አምስት ደቂቃ ይበቃል። አንዷ ነገር ግን ወሳኝ ናት። ሴቲንግ ውስጥ ሲነበብ፣ ሲወራና የመንኮራኩሩ መዝገብ (ልጁ ያወቀው ሁሉ የሚጻፍበት) ሲታይ ሰዓቱን የሚያቆሙ ምርጫዎች አሉ። ሦስቱንም አብሩ። ካልበሩ ልጁ አንድ ግድግዳ እያነበበ 22 ደቂቃው ያልቅበታል። በሁለተኛ ቋንቋው የሚያነብ ልጅ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። እኛ ይሄን ያወቅነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ልጄ እየተጣደፈ ግማሹን ሳያነብ ያልፍ ነበር።

የካሜራውን የመዞር ፍጥነትም ቀንሱለት። መኪና ላይ የሚያቅለሸልሸው ልጅ ካላችሁ ይሄ ጌም ራሱን ሊያዞረው ይችላል፣ ላይና ታች የሌለበት ቦታ ብዙ ነውና። አምፖሉን አብሩ፣ ከስክሪኑ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ካቅለሸለሸው ይቁም። «ትንሽ ቻለው» አይባልም።

3. የመጀመሪያው ምሽት

ለመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ያዙ፣ ከተቻለም አብራችሁ ሁኑ። ልጁ እሳት ዳር ይነቃል። አጠገቡ ያለው ሰው የመነሻ ኮድ ከተራራው ላይ ካለው ምልከታ ጣቢያ ውሰድ ይለዋል። ልጆች ወዲያው ወደዚያ መሮጥ ይፈልጋሉ። አታስሩጡት። መንደሩ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ትምህርት ነው፣ ትምህርት ግን አይመስልም።

ድብብቆሽ የሚጫወቱ ልጆች አሉ። እነሱን ሲፈልግ ድምፅ መከተያ መሣሪያውን ይለማመዳል። ክብደት የሌለበት ዋሻ አለ፣ እዚያ ደግሞ መንሳፈፍን ይማራል። በሪሞት የምትበር ትንሽ የመንኮራኩር ሞዴልም አለች። እሷን ሰው ላይ ካላጋጨ ልጅ አይደለም። መንደሩ ውስጥ የማይታይ ግን የሚገድል ነገር ያለበት ቦታም አለ። ዓይን የማያየውን ካሜራ ያየዋል፤ ካሜራ ያላትን ትንሽ መሣሪያ አስወንጭፎ ፎቶ ማንሳትን እዚያ ይልመድ። ማርሽማሎው የሚባለውን ለስላሳ ጣፋጭም እሳት ላይ ይጠብስ። ልክ እንደ በቆሎ እሸት ነው፣ ካሳረሩት አይሆንም።

ኮዱን ከተቀበለ በኋላ ወዴት ይሂድ? ጌሙ አይነግረውም። ይሄ የለመድነው ዓይነት አይደለም፣ ቀስት የለም፣ «ወደዚህ ሂድ» የሚል የለም። ለመጀመሪያው በረራ ጨረቃዋን ጠቁሙት። ቅርብ ናት፣ ጸጥ ያለች ናት፣ እዚያም አንድ ብቸኛ ሽማግሌ ያገኛል። ከዚያ በድምፅ መከተያ መሣሪያው ሰማዩን ሲያዳምጥ ሩቅ ፕላኔቶች ላይ ያሉ መንገደኞች የሚጫወቱትን ሙዚቃ ይሰማል። አንዱ ከበሮ፣ አንዱ ባንጆ፣ አንዱ ዋሽንት፣ አንዱ ሃርሞኒካ። እያንዳንዱ ድምፅ አንድ አድራሻ ነው። «የትኛውን ትከተላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለተኛው ጉዞ በዚሁ ይጀመራል።

በረራው ይከብደዋል፣ እናንተንም ይከብዳችኋል። መንኮራኩሯ ፍሬን የላትም። እውነተኛው ጠፈር እንዲህ ነው፣ የሚያቆማችሁ አየር የለም፣ ስለዚህ ለማቆም ወደ ኋላ መግፋት አለባችሁ። ጀማሪ ሁሉ ዘግይቶ ነው የሚገፋው። ፕላኔቱ ላይ ይከሰከሳል። ሁለት ነገር አስተምሩት። አንደኛ፣ መሄጃውን ኢላማ አድርጎ ሲይዝ ፍጥነቱን ከዚያ ጋር የሚያስተካክል ቁልፍ አለ፣ እሱን ቶሎ ቶሎ ይጫን። ሁለተኛ፣ አውቶፓይለቱ ጎበዝ ነው ግን ፀሐይን አያይም። መንገዱ ላይ ከቆመች ቀጥ ብሎ ይገባባታል። የኔ ልጅ በዚህ ሦስት ጊዜ ተቃጥሏል። እኔ ደግሞ አራት።

4. ደብተር

አንድ ባዶ ደብተርና እርሳስ አጠገቡ ይሁን። መንኮራኩሯ ውስጥ ያወቀውን ሁሉ የሚመዘግብ ኮምፒውተር አለ፣ እሱም ጥሩ ነው። ግን በእጅ የተጻፈ ነገር ሌላ ነው። ደብተሩ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፍ፦ ምን አየሁ፣ ምን ያጠራጥረኛል፣ ቀጥሎ የት እሄዳለሁ። ልጄ የጻፈው አንዱ ገጽ «አሸዋው ከዚህ ወደዚያ ይሄዳል!!! ስለዚህ ዋሻው...» ይልና ይቆማል። ቀሪውን በሦስተኛው ቀን ነው የጨረሰው። እዚያ ላይ ያለው የደስታ ጩኸት ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል።

የመንኮራኩሯን መዝገብ አያያዝም አሳዩት። ነገሮቹ በካርድ ተሠርተው እርስ በርስ በመስመር ይያያዛሉ። አንድ ካርድ ላይ ብርቱካናማ ምልክት ካለ እዚያ ቦታ ገና ያልተገኘ ነገር አለ ማለት ነው። ምልክቱ ከሌለ ቦታው አልቋል። ይቺን አንዷን ማወቅ ብቻ ስንት ለቅሶ ታስቀራለች።

5. ሰዓት በዙር ይቆጠር

እኛ ቤት «አንድ ሰዓት ብቻ» የሚለው ሕግ ሁሌ ጭቅጭቅ ነበር። የጌም ሰዓት መሐል ላይ ነው የሚያልቀው። እዚህ ግን ጌሙ ራሱ ማብቂያ አለው። አንድ ዙር 22 ደቂቃ ነው። «ዛሬ ሁለት ዙር» ብላችሁ ተስማሙ። ፀሐይ ስትፈነዳ ማንም አይከራከርም። ሊያልቅ ሲል ሙዚቃ ስለሚመጣ ከሌላ ክፍል ሆናችሁም ትሰሙታላችሁ።

ማጭበርበሪያ አለው ግን። ልጁ በአምስት ደቂቃ ተከስክሶ ከሞተ «ያ ዙር አይቆጠርም» ይላል። ሰዓቱ ሲነበብ እንዲቆም ካደረጋችሁ ደግሞ 22 የተባለው 35 ሊሆን ይችላል። እኛ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ሁለት ዙር ወይም አንድ ሰዓት፣ የቀደመው። በትምህርት ቀን አንድ ዙር።

6. የሚያስፈራው

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡ፣ «ደም የለበትም» ማለት አያስፈራም ማለት አይደለምና።

ፀሐይዋ የመጀመሪያዋ ናት። ሰማዩ ሁሉ በሰማያዊ ብርሃን ይዋጣል። አንዳንድ ልጅ ያለቅሳል። ከመጀመሪያው ቀን በፊት «ጌሙ ውስጥ ፀሐይ ትፈነዳለች፣ ግን መልሰህ ትነቃለህ» ብትሉት ምንም አይበላሽም፣ በ22ኛው ደቂቃ ራሱ የሚያየው ነው።

ከዚያ ጃያንትስ ዲፕ የሚባለው ፕላኔት አለ። ሁለንተናው ባሕር ነው፣ ደሴቶቹን አውሎ ነፋስ ወደ ላይ ይወረውራቸዋል። ጥልቅ ውሃ የሚፈራ ልጅ እዚያ ይጨነቃል። ብሪትል ሆሎው ደግሞ ከእግሩ ሥር እየተሰባበረ የሚሄድ ፕላኔት ነው፣ መሐሉ ጥቁር ጉድጓድ ነው። መውደቅ ያስደነግጣል። በመውደቅ ብቻ ግን አይሞትም። ወድቆ የት እንደሚወጣ ራሱ ይየው።

ዋናው አስፈሪ ዳርክ ብራምብል የሚባለው ቦታ ነው። ጭጋግ፣ እሾህ፣ ጸጥታ፣ በውስጡም ግዙፍ ዓሣዎች። በድንገት ይመጣሉ። እኔ 40 ዓመት አልፎኛል፣ ጆይስቲኩን ወርውሬያለሁ። ልጁ እዚያ ሲሄድ ማታ አይሁን፣ ብቻውንም አይሁን። ከፈራ «እዚያ አትሂድ» አትበሉት። «ገና ያላወቅከው ነገር አለ፣ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ፈልግ» በሉት። እውነትም ነው። ከዓሣዎቹ ጋር እንዴት እንደሚኖር ሌላ ፕላኔት ላይ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ሲያገኘው ፍርሃቱ በአንድ ጊዜ ባይለቀውም መልኩ ይለወጣል።

ፈሪ ልጅ ካላችሁ ከባንጆ ተጫዋቹ ጋር አስተዋውቁት። የጥንት ነገር ተመራማሪ ነው፣ ጠፈርን ግን በጣም ይፈራል። ቢሆንም መጥቷል። ልጄ «እሱም እኮ ይፈራል» እያለ ራሱን ያጽናና ነበር።

የኖማይ አፅሞችም በየቦታው አሉ። በጭካኔ አይደለም የሚታዩት፣ ጸጥ ብለው ነው የተቀመጡት። ስለ ሞት ገና ያላወራችሁት ልጅ ከሆነ ጥያቄ ይመጣል።

7. ሲጣበቅ እንዴት ይረዳ

ይጣበቃል። ሁሉም ይጣበቃል። ያኔ እጁ የሚሄደው ወደ ዩቲዩብ ነው፤ አታስኪዱት። መልሱን መፈለግ ይቅርና የቪዲዮዎቹ ፎቶ ራሱ ብዙ ያወጣል። ፍለጋው የግድ ከሆነ እናንተ በራሳችሁ ስልክ ፈልጉ፣ አንብቡ፣ ዝም በሉ።

እኔ ፍንጭ የምሰጠው እንደ መሰላል ነው። መጀመሪያ ወሬ ብቻ፦ «እስካሁን ያወቅከውን ንገረኝ።» ከአሥር ጊዜ ሰባቱን ሲተርክልኝ ራሱ «ቆይ! ቆይ!» ይላል። ያ ካልሆነ ወደ መዝገቡ፦ «ብርቱካናማዋ ምልክት የት ነው ያለችው?» ያም ካልሆነ አንዲት ጥያቄ አለችኝ፦ «እዚያ ቦታ የሄድከው በስንተኛው ደቂቃ ነው?» ይቺ ጥያቄ ወርቅ ናት። እዚህ ጌም ውስጥ ቦታዎቹ በሰዓት ይለወጣሉ። መንታዎቹ ፕላኔቶች ላይ አሸዋው ከአንዱ ወደ ሌላው ይፈሳል፣ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይገለጣል። ዝግ የነበረው በኋላ ይከፈታል፣ ክፍት የነበረው ይዘጋል።

የመጨረሻው ደረጃ ቦታውን ብቻ መንገር ነው፦ «ዛሬ ጨረቃዋን ደግመህ ፈትሽ።» ምን እንደሚያደርግ ግን አልነግረውም። አባቱ አንድ ቀን አዝኖለት ሙሉውን ነገረው። ልጁ አመስግኖ ቀጠለ፣ ግን ያን ቀን ደብተሩ ላይ ምንም አልጻፈም። አባቱ አሁንም ይጸጸታል።

8. ከጌሙ ውጭ የሚመጡ ጥያቄዎች

«የእኛም ፀሐይ ትፈነዳለች?» ይሄ ጥያቄ አይቀርም፣ ብዙ ጊዜም የሚመጣው በመኝታ ሰዓት ነው። መልሱ «አይ» ነው። እንዲህ የሚፈነዱ ኮከቦች ከእኛ ፀሐይ ቢያንስ 8 እጥፍ ገደማ ይከብዳሉ። የእኛዋ ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ አብጣ ትቀላለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ትቀዘቅዛለች። በእርግጥ የሚፈነዳ ኮከብ ማየት ከፈለገ በታኅሣሥና በጥር ማታ ወደ ውጭ አውጡት። ኦሪዮን የሚባሉትን ከዋክብት ፈልጉ፣ መሐላቸው ሦስት ኮከቦች በአንድ መስመር የተሰለፉ ናቸው። ከእነሱ ራቅ ብሎ አንድ ቀላ ያለ ኮከብ አለ፣ ቤቴልጉዝ ይባላል። እሱ አንድ ቀን ይፈነዳል። «አንድ ቀን» ማለት በኮከብ አቆጣጠር ነው፣ 100,000 ዓመት ሊሆን ይችላል። ልጄ ይሄን ከሰማ በኋላ ሰላም ብሎ ተኝቷል።

ስለ ሞት የሚነሳው ጥያቄ ከባድ ነው። መፍጠን አያስፈልግም። ጌሙ መጨረሻው አካባቢ ልብ ይነካል፣ የልጁ ዓይን እንባ ቢሞላ አትደንግጡ። ያን ቀን ስልካችሁን አስቀምጡና አጠገቡ ሁኑ። ሊያወራ ከፈለገ ያወራል። እምነታችሁ የሚለውን ንገሩት፣ የምታምኑት ነገር ከጌሙ ጋር መጣላት የለበትም።

ተጨማሪው ክፍል

«ኤኮስ ኦቭ ዚ አይ» የሚባል ተጨማሪ ታሪክ በ2021 ወጥቷል፣ ለብቻው ይሸጣል። ጥሩ ነው፣ ግን ጨለማ ነው። ከዋናው በጣም ይበልጥ ያስፈራል። ሴቲንግ ውስጥ ድንጋጤውን የሚቀንስ ምርጫ አለ፣ ቢሆንም ለ10 ዓመት ልጅ አልመክርም። ዋናውን ሳይጨርስ አትግዙለት። ሁለቱን አንድ ላይ ከገዛችሁ ደግሞ ሳይታሰብ ሊገባበት ስለሚችል ከፊት ንገሩት።

ልጄ ዋናውን ከጨረሰ ወር አለፈው። አሁን ተራው የአባቱ ነው። ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያየዋል፣ አንዳንዴ «አባ፣ በስንተኛው ደቂቃ ነው የሄድከው?» ይለዋል። ትናንት ማታ አባቱ አሸዋው ላይ ተጣብቆ መረረውና ጎንደርን ሰጠው። አልተቀበለም። ሐረርን ጨመረለት። አልተቀበለም።

«አዲስ አበባን ብሰጥህስ?»

«መዝገብህን እይ፣ አባ።»